ባለታሪኩ ሳይሰማ አይታተምም

ፋዚላ በሰኔ ወር አንድ ማለዳ ከእንቅልፏ ስትነቃ አማርኛዋ ጠፍቶ ነበር። ባሏ ኡበይደላ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቀኝ እጇ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኗ ላይ ተጋድሟል፤ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተስቧል። ግን ታወራለች። የጀመረችው ወግ እንዳይቋረጥባት የፈለገች ይመስል፣ ረጋ ብላ፣ ሳትቸኩል ታወራለች።

«ምን ሆንሽ?» አላት። መለሰችለት፤ አልገባውም። በሩስኛ ጠየቃት። ሩስኛ በወጣትነታቸው የተዋወቁበት፣ የተጣሉበትም የታረቁበትም ቋንቋ ነው። አሁንም መለሰችለት፤ አሁንም አልገባውም። ያን ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ። የምትናገረው ምን እንደሆነ ለይቶታል፤ ታታርኛ ነው። ልጅ ሆና በእናቷ ጓዳ የተማረችው። ከዚያ ወዲህ የያዘችው ሁሉ ጥሏት ሄዶ እሱ ብቻ ቀርቶላታል፤ እሱን ደግሞ ኡበይደላ አያውቀውም።

በአዳማ ከፋዚላ ሌላ ታታርኛ የሚናገር ሰው አልነበረም። ልጇ ሰብሪና በአንድ ኮሌጅ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም የሰነድ አያያዝ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ነገር ሳታጣራ አትናገርም። አጣራች። በሞጆም፣ በባቱም፣ በአሰላም አልተገኘም።

ሐኪሙ «ወደ ጭንቅላቷ ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቶ ነው» አለ። «ቋንቋ ያለበትን ቦታ ነክቶታል። መጀመሪያ የተማሩት አንዳንዴ ይተርፋል።»

«የምንላት ይገባታል?» አለች ሰብሪና።

«ድምፁን ትሰማለች። ይግባት አይግባት ግን በምን ልለይ? የምትመልሰውን የሚነግረኝ ሰው አምጡልኝና ልመርምራት።»

ሰው ፈለጉ። ስልክ ላይ ያለውን አስተርጓሚ ከፍተው አፏ ሥር አስጠጉት፤ በተኮላተፈው አንደበቷ ግራ ተጋብቶ «በሬው መጽሐፉን በላው» ብሎ ጻፈ። ሩሲያ፣ ካዛን ከተማ የምትኖር የእህቷ ልጅ በቴሌግራም ተገኘች። አክስቷን ስታይ አልቅሳ አልቅሳ፣ ኡበይደላ በሩስኛ ሲጠይቃት፣ «እኔ እኮ ከተማ ነው ያደግሁት፤ እንዲህ ዓይነቱን የገጠር አነጋገር ግማሹን አልሰማውም። ስለ ዝይ ነው የምታወራው። ስለ በረዶና ስለ እናቷ» አለችው። መስመሩ ተቆረጠ። በሌላ ቀን ሲቀጠልም ከዚያ የበለጠ አልተገኘበትም።

ጎረቤታቸው ኮከብ፣ ጸሎት የማታጓድል የወንጌል አማኝ፣ አጥሚት ይዛ ልትጠይቅ ገባች። ፋዚላን ጆሮዋን አቁማ ካዳመጠቻት በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ ኡበይደላ፣ ይሄማ ልሳን ነው!»

«አንቺ ኮከብ ደግሞ! ሙስሊም ናት እኮ።»

«መንፈስ መታወቂያ አይጠይቅም ጋሼ።»

ኡበይደላ ከዚያች ማለዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ፋዚላም አብራው ፈገግ አለች። ቀልዱ ገብቷት ይሁን፣ ወይም የባሏ ሳቅ ስቧት፣ ሊያውቅ የሚችል አልነበረም። ሰብሪናን እረፍት የነሳት ይኸው ነው። እናቷ እዚያ አልጋ ላይ አለች ወይስ የለችም?

ሰፈሩ ፋዚላን «አኒ» ነው የሚላት። በታታርኛ እናት ማለት ነው፤ ሰብሪና ልጅ ሆና በአጥሩ ላይ ስትጣራ የሰሙ ጎረቤቶች ስሟ መሰላቸውና በዚያው ጸና። በኦሮምኛ ደግሞ «አኒ» «እኔ» ማለት ስለሆነ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ወዬሳ በዚህ ሲቀልድ ኖሯል። «ስጠራሽ ራሴን የምጠራ ይመስለኛል» ይላታል። «ታዲያ ደመወዜን ለራስህ ነው የምትከፍለው፤ ምን ያሳስትሃል?» ትለዋለች። ሰዎች ሰብሪናን የእናቷን ቋንቋ ታውቅ እንደሆነ ሲጠይቋት የምትመልሰው አንድ መልስ ነበራት። «አንድ ቃል አውቃለሁ። አኒ።»

ፋዚላ የተወለደችበት ቀን በሁለት ሰነድ ሁለት ዓይነት ተጽፏል። በፓስፖርቷ ጥቅምት ነው፣ በጋብቻ ወረቀቷ ኅዳር። ሰብሪና ስትወተውታት «እናቴ የምታውቀው ወንዙ በረዶ ሊሆን ሲል መወለዴን ነው፤ ቀኑን ወንዙን ጠይቂው» ትላት ነበር። ከመንደሯ ወጥታ ካዛን ተማረች፤ እዚያው በአንድ የሕፃናት መጽሔት ረዳት አዘጋጅ ሆነች፤ ጥቂት ታሪኮችም በስሟ ወጡላት። የእርሻ መሣሪያ ጥገና ሊማር የመጣ የአርሲ ልጅ፣ ኡበይደላን፣ አገባች። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አዳማ ገቡ። በቋንቋዋ የተጻፉት መጻሕፍቷ በአንድ ሻንጣ መጡ፤ ሻንጣው ቁምሳጥን ላይ ወጣ፤ ከዚያ አልወረደም። ኡበይደላ አንዴ «ለምን በቋንቋሽ አትጽፊም?» ብሏት ነበር። «አንባቢዬን ዓይኑን እያየሁ ካልሆነ አይመጣልኝም» አለችው።

አማርኛውን ከገበያ ለመደችው፤ ፊደሉን ግን የቆጠረችው ከልጇ ጋር ነው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ መጽሐፍ እየተሻሙ።

ወዬሳ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረው። የሠርግ ካርድ፣ የእድር ደንብ፣ የመዝሙር ወረቀት ያትማል። ፋዚላ አራሚ ሆና ገባችለት። አንድ ቀን «አንተ፣ እዚህ አገር ሰው የሚታተመው ሲያገባና ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?» አለችው። ከዚያች ጥያቄ «አዋሽ ማዶ» የምትባል መጽሔት ተወለደች። በየሦስት ወሩ የምትወጣ፣ ቀጭን፣ ሽፋኗ ቶሎ የሚላቀቅ መጽሔት። በሚኒባስ ተጭና ከሞጆ እስከ ባቱ ትወርዳለች። ከሁሉ የሚነበበው የመጨረሻው ገጽ ነበር፤ «ጎረቤታችን» ይባላል፤ የአንድ ተራ ሰው ሕይወት ይጻፍበታል። ሶደሬ በር ላይ የዋና ልብስ የሚያከራይ ሰውዬ፣ የመቂ ሽንኩርት ደላላ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኪስ ብቻ የምትሰፋ ልጅ። አብዛኛውን የጻፈችው ፋዚላ ናት።

የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታርም የራሷ ዘዴ ነበራት። ወረቀቱን አታየውም። ጸሐፊው ፊቷ ተቀምጦ ያነባል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ እርሳስ ይዛ ታዳምጣለች። ጆሮዋ ሲደናቀፍ በእርሳሱ ጭራ ጠረጴዛውን ቋ! ታደርጋለች።

«ምኑ ነው ጥፋቱ?» ይላል ጸሐፊው።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አማርኛው ያንተ ነው። የተደናቀፍኩበትን አሳየሁህ፤ ድንጋዩን አንተ አንሳ።»

ወጣቶቹ «አኒ ቤት ቆሎ ሲቆላ ይውላል» ይሉ ነበር። ሰብሪናም የትምህርት ቤት ድርሰቷን ሁሉ ያነበበችው ለዚያች እርሳስ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ቋ! ማለት ቃሉን ለውጪ ማለት ነው። እንዲህ ሆና አደገች።

እርሳሷ ሌላ ሥራ ያገኘችው በጫልቱ ምክንያት ነው። ጫልቱ ባቱ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትሸጣለች። ፋዚላ አብራት ውላ ታሪኳን ጻፈች፤ «ልጅ ያልወለደችው ጫልቱ የሐይቁን ዳር ልጆች ሁሉ አብልታ አሳደገች» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። አንባቢው ወደደው። መጽሔቷ ከወጣች በኋላ ጫልቱ በሚኒባስ አዳማ መጣች፤ ማተሚያ ቤቱን ጠይቃ አግኝታ ፋዚላ ፊት ተቀመጠች።

«የጎረቤት ልጅ አነበበልኝ» አለች። «እኔ እኮ ወልጃለሁ። ገመቹ ይባላል። ጥርስ ሳያበቅል ሞተብኝ። አንቺ አልጠየቅሽኝ፣ እኔ አልነገርኩሽ። አሁን ጭራሽ አልተወለደም ተብሎ ተጻፈ።»

ወዬሳ ነገር ሊያበርድ ፈልጎ «ዓረፍተ ነገሩ ግን ያምራል፣ ጫልቱ» አለ። ፋዚላ እርሳሱን ወረወረችበት።

ከዚያ በኋላ በ«አዋሽ ማዶ» አንድ ሕግ ጸና፤ ባለታሪኩ ሳይሰማ አይታተምም። ጽሑፉ ለራሱ ለባለታሪኩ ይነበባል፤ እርሳሱንም የሚይዘው እሱ ነው። ያልሆነ ነገር ሲሰማ ቋ ያደርጋል። ንባቡ ሲያልቅ ከተስማማ እርሳሱን ለጸሐፊው ይመልሳል፤ ካልተስማማ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጽሑፉም በዚያው ይቀራል። የመጀመሪያዋ ጫልቱ ነበረች። የተስተካከለው ተነቦላት እርሳሱን ከመመለሷ በፊት አገላብጣ አየችውና «ይቺ ነገር ዱሮ ብትኖር ስንቱ ቀጣፊ አፉን በዘጋ» አለች።

በነሐሴ ወዬሳ ፋዚላን ሊጠይቅ መጣ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ አንድ የማተሚያ መኪናውንም ሸጧል። ወረቀቱ ተወዶ፣ አንባቢው ስልኩ ውስጥ ገብቶ፣ «አዋሽ ማዶ» ሳትወጣ ዓመት አልፏት ነበር።

«አንድ የመጨረሻ እትም አወጣለሁ» አለ፤ ፋዚላን እያየ ግን ለሰብሪና ነው የሚናገረው። «የመጨረሻው ገጽ የአኒ ነው። አንቺ ጻፊው።»

«እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፣ ጋሽ ወዬሳ።»

«ሌላ ማን ያውቃታል? ግን እሷ ያልሰማችውን አላትምም። ሕጉ የራሷ ነው።»

«ሐኪሙ ይግባት አይግባት አላውቅም እያለ?»

«እንግዲያው ገጹ ባዶውን ይወጣል።» ከኪሱ ያቺን እርሳስ አውጥቶ ኮመዲኖው ላይ አኖራት። ብዙ ስላልተጻፈባት ገና አላጠረችም፤ ጭራዋ ግን በመንኳኳት ብዛት ተበልቷል።

ሰብሪና ጽሑፉን እንደ ሥራዋ ያዘችው። ፓስፖርቱን፣ የጋብቻውን ወረቀት፣ የድሮ መጽሔቶቹን አገላበጠች። ያላየችውን አልጻፈችም፤ ሁለት ሰነድ ሲጋጭባት ሁለቱንም አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷና ወዬሳ ባሉበት እርሳሷን በእናቷ ግራ እጅ አስያዘቻት፤ እጁንም የአልጋው እንጨት ላይ አሳረፈችና ማንበብ ጀመረች።

የመጀመሪያው አንቀጽ አለቀ፤ እርሳሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛው አለቀ፤ ዝም። የሰብሪና ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። ጽሑፏ ያን ያህል ጥሩ እንዳልሆነ ታውቃለች። እናቷ ደግሞ ለማንም፣ ለልጇም ቢሆን፣ አለዝባ አታውቅም። ወዬሳ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«... የዚያ አገር ክረምት እጅግ በጣም ...»

ቋ!

ኡበይደላ ከወንበሩ ተነሳ።

«እጅግ በጣም» አለች ሰብሪና እንደገና።

ቋ!

«ያ አላህ!» አለ ኡበይደላ።

ወዬሳ ጭኑን መታ። «በሽታው እንኳ ‹እጅግ በጣም›ን ሊያስወድዳት አልቻለም! ስንቱን አስለቅሳበታለች!»

ሰብሪና «በጣም»ን ሰርዛ አነበበች። እርሳሷ ዝም አለች። ያ ዝምታ ጣፈጣት። እናቷ አለች። የተሰበረው መናገሪያው እንጂ መስሚያው አይደለም። ከዚያ ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ሁሉ ስትሰማ ነበር ማለት ነው። ከአባቷ ጋር በአልጋው ላይ አሻግረው ስለ ከፈን የተነጋገሩትን ሰምታለች። ሰብሪና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ወዬሳም ጨዋ ነውና «ለዛሬ ይብቃን» ብሎ ባርኔጣውን አነሳ።

ከዚያ ወዲህ ፋዚላ ነቃ ባለች ቁጥር ጥቂት ጥቂት ያነቡ ነበር። አንድ ቃል ይወጣል፣ አንድ ሐረግ ያጥራል። ሰብሪና ከልጅነቷ ወዲህ ከእናቷ ጋር እንዲህ ተቀራርባ አታውቅም። ከዚያ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደረሱ።

«ፋዚላ ቋንቋዋን ለአንዲት ልጇ አላስተማረቻትም።»

ቋ!

ሰብሪና እስክሪብቶዋን አነሳች። «ቋንቋዋን ለልጇ አላወረሰቻትም።»

ቋ!

«ሳታስተምራት ቀረች።»

ቋ!

«ለማስተማር ጊዜ አላገኘችም።»

ቋ! ቋ! ሁለት ጊዜ፣ በንዴት።

ይህ ዓረፍተ ነገር ለሰብሪና ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለች «ለምን አላስተማርሽኝም?» ብላ ጠይቃት ነበር። እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች «ከማን ጋር ልታወሪበት?» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ። ያኔ በዚያ ቀረ። ዘንድሮ ግን ቂሙ ከተቀበረበት ወጣ። እናቷ ቀኑን ሙሉ ትነግራታለች፤ ምናልባት ኑዛዜ ነው፣ ምናልባት ምርቃት፣ ምናልባት ስለ ዝይ ነው። ሰብሪና ውሃ በወንፊት እንደሚቀዳ ሰው ባዶ እጇን ትነሳለች። ሰነድ ቢጠፋ መዝጋቢው «ጠፍቷል» ብሎ መጻፍ አለበት። ይህን ነው የጻፈችው።

«አውጪውና ተገላገይ» አላት ኡበይደላ።

«እውነት ነው እኮ አባዬ።»

«እሷ አልፈልገውም ካለችስ?»

«ነገሩን አይደለም የጠላችው፤ ቃሉን ነው። አውቃታለሁ። ትክክለኛውን ቃል እስካገኝ ነው።»

መስከረም ሙሉ ያን ቃል ፈለገች። ወዬሳ ሌሎቹን ገጾች አትሞ ጨርሷል፤ በመጣ ቁጥር አይጠይቅም፣ ኮመዲኖው ላይ ያለችውን እርሳስ አይቶ ይሄዳል። ፋዚላ እንቅልፏ በዛ፤ ምግቧ በሾርባ ሆነ፤ ሾርባውም በማንኪያ ሆነ። ሐኪሙ ኡበይደላን ውጭ ጠርቶ ሁለተኛ ሊመጣባት እንደሚችል፣ ሁለተኛው ከመጣ ደግሞ መስሚያውንም እንደሚወስደው ነገረው። ሰብሪና ይህን ስትሰማ ወረቀቷን ይዛ ገባች። ሁለተኛው ከመጣ በኋላ የምታነብላት ሰው ላይኖር ይችላል።

«ፋዚላ ቋንቋዋን ለልጇ ነፍጋታለች።»

እርሳሷ እንጨቱን መታችው፤ ከዚያም ከግራ እጇ አምልጣ አልጋው ሥር ገባች። ሰብሪና አላነሳቻትም።

«ምን ልበል ታዲያ አኒ? እንደ ቀባጣሪ ቃል ስለዋውጥ አንድ ወር አለፈኝ። ያንቺ ልጅ ሆኜ አንቺ ስትሞቺ ምን እንዳልሽኝ አላውቅም! ብታስተምሪኝ ኖሮ ...» አልጨረሰችውም። ፋዚላ ብዙ ተናገረች፤ መጀመሪያ ጮክ ብላ፣ ኋላ በሹክሹክታ። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ኡበይደላ ጎንበስ ብሎ እርሳሷን ከአልጋው ሥር አወጣና አቧራዋን በጋቢው ጠረገ።

በማግስቱ ጠዋት ሰብሪና ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ የታጠበ አንሶላ ታጥፋለች። ክፍሉ በበሽተኛ ትንፋሽ ታምቋል። አባቷ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሙስበሃውን ይቆጥራል።

«ተረዘኔ አች ኧሌ፣ በብከም» አለች ፋዚላ፤ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሰብሪና አንሶላውን አስቀመጠች፤ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች፤ ተመልሳ አንሶላዋን አነሳች።

የሙስበሃው ድምፅ ቆመ።

«ምን አለችሽ?» አለ ኡበይደላ።

«መስኮት ክፈቺ ነዋ።»

«እጇን እኮ አላነሳችም። አልጠቆመችሽም። አንቺም ዞረሽ አላየሻትም።»

ሰብሪና አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። ሕፃን ሆና በየማለዳው የሰማችው ነው። እናቷ ጓዳ ሆና ትለዋለች፤ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ የመስኮቱን መወርወሪያ ትስባለች፤ የባጃጅ ድምፅ ገና ባልነበረበት ዘመን የጋሪ ደወል ይገባል። የማንም ቋንቋ ነው ብላ አስባው አታውቅም። እያንዳንዱ ቤት ለልጅ የሚፈጥረው ዓይነት የቤት ቃል መስሏት ነበር። «ኪል» ሲሏት መምጣት፣ «አሻ» ሲሏት መብላት፣ «ዮክላ» ሲሏት መተኛት ለመደች። ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ ደግሞ ...

«አባዬ፣ ‹ይላማ› ምን ማለት ነው?»

«እኔ አላውቀውም። ለአንቺ ብቻ ነበር የምትለው።»

«አታልቅሺ ማለት ነው» አለች ሰብሪና፤ ራሷ ግን እያለቀሰች ነበር።

አሁን ገባት። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ እናቷ እርሳሱን የያዘችው እንደ አዘጋጅ አልነበረም። እንደ ጫልቱ ነበር የያዘችው። ሰብሪና አንድ ወር ሙሉ ቃል ስትቀይር ኖራለች፤ ውሸት የነበረው ነገሩ ራሱ ነው። እናቷ አስተምራታለች። ሰብሪና ቁጭ ብላ የያዘችውን ሁሉ ፈታተሸች፤ ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ አታልቅሺ፣ መስኮት ክፈቺ። «በብከም» ያለችው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ የራሷ የቁልምጫ ስም ነው ብላ ያደገችው ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሕፃን ለማሳደግ የሚሆን ቋንቋ ነው። እናት ለመቅበር የሚሆን አንድም ቃል የለበትም።

ወረቀቷን አመጣች። እርሳሷን በእናቷ ግራ እጅ አስያዘቻት። ወዬሳን አልጠበቀችም።

«ፋዚላ ቋንቋዋን ለልጇ አስተምራታለች፤ መስኮት ለመክፈት የሚበቃውን ያህል።»

ፋዚላ ዓይኗን ገለጠች። በተከፈተው መስኮት የአንድ ባጃጅ ጥሩምባ ገባና ወጣ። እርሳሷ አልተንቀሳቀሰችም። ሰብሪና እስከ መጨረሻው አነበበች፤ እስከ መጨረሻውም ቋ! የሚል አልተሰማም።

ሲያልቅ ግራ እጇ ከእንጨቱ ላይ በጣም በዝግታ ተነሳ፤ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሰብሪና መጣ። እርሳሷን መለሰችላት። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች፤ ረዘም ያለ፣ እንደ ጸሎት የሚወርድ የሚነሳ። ሰብሪና በሙሉ ጆሮዋ አዳመጠች። ከዚያ ሁሉ ለይታ የያዘችው «በብከም»ን ብቻ ነው። ካዛን ያለችው የፋዚላ እህት ልጅ ኋላ በቴሌግራም ተጠይቃ ትርጉሙን ነገረቻቸው፤ የዝይ ጫጩቴ ማለት ነው፤ በዚያ አገር እናት ልጇን እንዲህ ትላለች። የቀረውን ማንም አላስቀረውም።

መጽሔቷ በጥቅምት መጨረሻ ወጣች። ወዬሳ ራሱ ይዞ መጣ። ፋዚላ ያን ጊዜ ማንንም አትለይም ነበር፤ ሁለተኛው መጥቶባታል። ደረቷ ላይ አኖሩላት።

የሞተችው በኅዳር ነው። ቀኑ በሁሉም ሰነድ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰብሪና አጣርታለች። ወንዶቹ ቀብር ሄዱ፤ ሴቶቹ ቤት ቀሩ። ጫልቱ ከባቱ መጥታ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። መጽሔቷን ተቀብላ፣ ማንበብ ባትችልም፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ «ይሄን ሰምታዋለች?» ብላ ጠየቀች። «ሰምታዋለች» አለቻት ሰብሪና። ጫልቱ ራሷን ነቅንቃ መጽሔቷን አጠፈች።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሰብሪና ወደ ክፍሉ ገባች። ፍራሹ ተነስቷል። የኅዳር ንፋስ አቧራ እንዳያስገባ ኮከብ መስኮቱን ዘግታዋለች። ሰብሪና ባዶው አልጋ አጠገብ ቆመች።

«ተረዘኔ አች ኧሌ፣ በብከም» አለች፤ ድምፅዋን ሳትደብቅ። አነጋገሯ ትክክል ይሁን አይሁን ቋ የሚያደርግላት አልነበረም። ሄዳ ከፈተችው።